ወደ ላይ ብቻ የሚዋኝ ዓሣ

ጋሽ ዘሪሁን ማረፋቸው መሥሪያ ቤታችን በተሰማ ጠዋት፣ የክፍላችን ኃላፊ አቶ ምትኩ መጀመሪያ የጠየቀው ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነበረም። «የሕይወት ታሪካቸው ተዘጋጅቷል?» ነው ያለው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጽጌ፣ አንቺ በታይፕ ትመቺዋለሽ። እኔ አነበዋለሁ። ዓሣው እንዳይረሳ» አለ።

እኔ ደግሞ ያኔ ገና በወጣው ክረምት ለሟቹ ቃል የገባሁት ተቃራኒውን ነበር።

አቶ ምትኩን «አለ» እያልኩ መጻፌን አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እንዲያውም በሁለት ዓመት ሳልበልጠው አልቀርም። ቢሮ ውስጥ ግን ያን ሁሉ ዘመን አንቱ ስለው ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ንብረት አስረክቢ ስባል፣ ከታይፕ ማሽኑና ከሁለቱ ወንበሮች ጋር አንቱታውንም አስረክቤ ወጣሁ።

መሥሪያ ቤታችን መካኒሳ ውስጥ በአንድ አሮጌ ቪላ ነበር። ሥራችን ውሃ ነው፤ ወንዝ መለካት፣ ሐይቅ መለካት፣ የተለካውን በሦስት ኮፒ መጻፍ። መለካቱ የሌሎች፣ ሦስት ኮፒው የእኔ ነበር። ጋሽ ዘሪሁን የሐይቅ ጥልቀት ለኪ ነበሩ። ረዥም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ የኮታቸው ኪስ በወረቀት ጥቅል የተወጠረ ሰው። እጃቸው አያርፍም። ያገኙትን ነገር ሁሉ በመሐል ጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ጠረጴዛዬን ኳ ሳያደርጉ አጠገቤ ቁጭ ብለው አያውቁም። ክፍት በር ላይ ቆመው እንኳ ያንኳኳሉ፤ ግቡ ቢባሉም ድምፁ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።

ብስራተ ገብርኤል ሰፈራቸው ውስጥ፣ ቧንቧ በጠፋ ሰሞን፣ ጎረቤት ሁሉ በርሜሉን የሚያስመረምረው በእሳቸው ነበር። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉና አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ያቆማሉ። «እዚህ ድረስ ነው። ልብስ ካላጠብሽበት ሦስት ቀን ይወስድሻል» ይላሉ። ባዶ በርሜል ይጮኻል የሚለውን ተረት እኛ ሰው ለመሳደብ ነው የምንጠቀምበት። ለእሳቸው ግን ሙያ ነበር።

ማሽናቸውንም እንደዚሁ ነው ያስረዱኝ። ማሽኗ ኢኮ ሳውንደር ትባላለች። ጀልባ ላይ ተቀምጣ በውሃው ውስጥ ወደ ታች ድምፅ ትልካለች። ድምፁ የሐይቁን ወለል ነክቶ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ትቆጥርና፣ ጥልቀቱን በሚዞር ወረቀት ላይ በጥቁር መስመር ታሰፍራለች። ድምፁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ከገጠመው እሱንም ታጠቁረዋለች። ያ ነገር ምን እንደሆነ ግን አትናገርም። እሱን መናገር ያለበት ሰው ነው።

«ያው ኳ ማድረግ ነው» አሉኝ፣ «ለዚህ ነው እንግዲህ መንግሥት ስድስት ወር ጥቁር ባሕር ዳር ኦዴሳ የላከኝ። በርሜሉን ግን እናቴ በነፃ አስተምራኝ ነበር።»

ታሪኩ የሚጀምረው መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤት ሁሉ «እኔ ምን እሠራለሁ?» የሚል ጥያቄ መጥቶበት ነበር። የሚታጠፈው ታጠፈ፣ የሚቀላቀለው ተቀላቀለ። እኛም በየጠዋቱ ከየትኛው ክፍል ጋር እንደተቀላቀልን እየጠየቅን ነበር የምንገባው። በዚህ መሐል ጋሽ ዘሪሁን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካለ አንድ ሐይቅ ተመለሱ። የሐይቁን ስም አልጠራም፤ ሐይቁ ጥፋት የለበትም። ይዘውት የመጡትን የወረቀት ጥቅል አቶ ምትኩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሐይቁ ወደ የብስ ገባ በሚልበት በአንድ ወሽመጥ አካባቢ፣ ከሐይቁ ወለል ወደ ላይ የቆሙ ጥቋቁር ዓምዶች ነበሩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አቶ ምትኩ።

«ዓሣ ነው» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ነው። ዋሽተው አልነበረም። ኦዴሳ ላይ መምህራቸው፣ ወረቀቱ ላይ ውሃው መሐል ጥቁር ደመና ካየህ ዓሣ ነው ብሎ አስተምሯቸዋል። በዚያ ባሕር ዓሣ ነበር፤ በልተውታልም። «ባሕሩ የእነሱ ነው፤ ሐይቁ የእኛ መሆኑን ረሳሁት» አሉኝ ከዓመታት በኋላ።

አቶ ምትኩ ግን ከወንበሩ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። ጥልቀት ለኪ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ በአንድ ጠዋት ዓሣ ያለን መሥሪያ ቤት ሆንን። ሪፖርቱን የመታሁት እኔ ነኝ። «ከፍተኛ የዓሣ ክምችት» የምትለዋን ሐረግ አቶ ምትኩ ሦስት ቦታ አስገባት፤ አራተኛውን እኔ በራሴ ሥልጣን አስቀረሁት። ከጥቅሉ ላይ ዓምዶቹ ያሉበት ክንድ የሚያህል ወረቀት ተቆርጦ፣ በመስታወት ታጥሮ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ዘሪሁን በሠራተኛው ፊት የምስክር ወረቀትና ብርድ ልብስ ተሸለሙ። ብርድ ልብሱን ሲቀበሉ ኳ ሊያደርጉት እጃቸውን ሲያነሱ አይቻለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል ደስተኛ ሰው ነበሩ። ኮሪደሩን ሲያልፉ ፍጥነታቸውን ይቀንሱ ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ጥልቀቱ እንደገና እንዲለካ ተፈልጎ ተላኩ። ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ጠረጴዛዬን ኳ ሳያደርጉ ቁጭ አሉ። አሟቸው መሰለኝ።

«ጽጌ» አሉኝ፣ «ዓሣው እዚያው አለ።»

«ታዲያ እሰየው ነዋ!»

«እዚያው ነው የምልሽ። ያው ቦታ፣ ያው ዓምድ። ሞተር አጥፍቼ፣ ድንጋይ አስሬ ጥዬ ግማሽ ቀን ቆምኩበት። ዓሣ ይወጣል፣ ዓሣ ይወርዳል። ፈርቶ ይበተናል፣ ርቦት ይሰበሰባል። ይኼኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። መውረድም አያውቅም። መውጣት ብቻ ነው ሥራው።»

«እንደ አለቆቻችን ነዋ» አልኳቸው። አልሳቁም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ነፋስ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ማዕበል የሚሸፍነው የውሃው ፊት እንደ ጠላ ጋን አረፋ ሲያወጣ አዩት። ከሐይቁ ሥር ጋዝ እየወጣ ነው። ማሽኗ ወረቀቱ ላይ ያጠቆረችው የአረፋውን ጭራ ነበር። በሁለቱም ጉዞ ጀልባውን የነዱላቸው ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የሐይቁ ዳር ሽማግሌ፣ ጋሽ ዘሪሁን አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ ጊዜ፣ «አባቴም እዚህ ቦታ መረብ አይጥልም ነበር። ውሃው ከሥሩ ይተነፍሳል» አሏቸው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያኔ የጠየቅከኝ ቤንዚን አለ ወይ ብለህ ነው።»

ይህንን መልስ ጋሽ ዘሪሁን እስኪሞቱ ድረስ ደጋግመው ያወሩት ነበር፤ ሁልጊዜም በራሳቸው ላይ እየፈረዱ። ስድስት ወር ኦዴሳ ተምሮ አምስት ደቂቃ ቱፋን ያልጠየቀ ሰው እያሉ ራሳቸውን በሦስተኛ ሰው ይሰድቡት ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚሉ ሰው ስለነበሩ፣ አይቻለሁ ብለው ብቻ አልመጡም። ሁለት የቢራ ጠርሙሶች በሐይቁ ውሃ ሞሉ። አረፋው በሚወጣበት ቦታ ከጀልባው ላይ አጎንብሰው የጠርሙሶቹን አፍ ውሃው ውስጥ ወደ ታች ደፍተው ያዟቸው። አረፋው እየገባ ውሃውን ገፍቶ አስወጣው። ጠርሙሶቹ በጋዝ ሲሞሉ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳሉ በቡሽ ከደኗቸው። በማግስቱ፣ እኔ አቶ ምትኩ ቢሮ የሚነግረኝን ደብዳቤ በማስታወሻ ስይዝ፣ በሩን አንኳኩተው ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቀው ገቡ። ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አቆሟቸው።

«ዓሣውን ይዤው መጥቻለሁ» አሉ።

አቶ ምትኩ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አየው። «ባዶ ነው እኮ፣ ጋሽ ዘሪሁን።»

«ባዶ አይደለም። ያ ኮሪደር ላይ የሰቀልነው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።»

ቡሹን ነቀሉ፣ ክብሪት ጫሩ፣ እሳቱን ወደ ጠርሙሱ አንገት አስገቡት። ውሃ እንደነካው ድርግም አለ። ሌላ ጫሩ፤ እሱም ጠፋ። አየር ቢሆን እሳቱን አያጠፋውም ነበር፤ ጋዝ መሆኑ በዚህ ይታወቃል ብለው አስረዱት። ከመሬት ሥር ካለው እሳት የሚመጣ፣ የማይነድ ጋዝ። አቶ ምትኩ ጠርሙሱን አየ፣ ጋሽ ዘሪሁንን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ማስታወሻዬን አየሁ።

«ጋሽ ዘሪሁን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሪፖርቱ እኮ በላይ አካል ጸድቋል። እዚያ ወሽመጥ ላይ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቋቋም ነው። ጀልባው ሳይቀር ታዟል። አሁን ምን ልንል ነው?»

«ተሳስተናል እንላለን። አይ፣ እናንተ ምንም አትበሉ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ እላለሁ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ይተዉት ግድ የለም።»

ሰው የዓሣ ተረት በሙሉ ያለቀበት ሰሞን ነበር። እኛ ታይፒስቶቹ በበኩላችን ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ እንል ነበር፤ ግን ቀስ ብለን።

ጋሽ ዘሪሁን አልተዉትም። የዚያኑ ዕለት አንድ ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው አመጡልኝ፣ መታሁላቸው። ያን የመሰለ አጭር ደብዳቤ መትቼ አላውቅም። ይዘውት ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ። የመዝገብ ቤታችን ሹም ወይዘሮ በለጡ፣ ወረቀት ሁሉ በእሳቸው እጅ ቁጥር ካልወጣለት እንዳልተወለደ የሚቆጥሩ ሴት ነበሩ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህንን የት ላስገባው? ዓሣ ተገኘ የሚል ፋይል አለኝ። ዓሣ አልተገኘም የሚል ፋይል የለኝም።»

«እዚያው አስገቢው፣ ካለው ላይ።»

«አንድ ፋይል ራሱን እንዴት ይቃወማል? ደግሞም ኃላፊው ሳይመራው ቁጥር አልሰጥም።»

አቶ ምትኩ ደብዳቤውን ተቀብሎ አስቀመጠው እንጂ አልመራውም። አልመራም ብሎ መልስ ቢሰጥ መልሱም ቁጥር ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ጋሽ ዘሪሁንን ጠርቶ የጠየቀው ጋዙን አልነበረም። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም። «በእርስዎ ኃላፊነት የተመዘገበው የዓሣ ሀብት አሁን የለም ካሉ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደጠፋ ያስረዱ» ነበር ያላቸው። ጋሽ ዘሪሁን «ወደ ላይ ወጥቶ ነው የጠፋው» ብለው መለሱ። እንዳሉት ጻፍኩት።

የኮሚቴው ውሳኔ ጋሽ ዘሪሁን ረዘም ያለ ዕረፍት ቢያገኙ መልካም ነው የሚል ነበር። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። እዚያም ጀሪካን ኳ ኳ እያደረጉ ይውሉ ጀመር። ማሽኗም ከእሳቸው ጋር እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች፤ ከእሳቸው በቀር የሚያውቃት አልነበረምና።

ኮሪደሩ ላይ ያለውን መስታወት ግን አልተዉትም። በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድመው ይገቡና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይመልሰዋል። ማን እንደሚመልሰው ማንም አልጠየቀም፤ ማን እንደሚያዞረው ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። እንግዳ የሚመጣ ቀን አቶ ምትኩ ራሱ ወጥቶ ያረጋግጥ ነበር። ይህ ነገር ለዓመታት ቀጠለ። ሚስማሩ ላልቶ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ማኅበሩ ተቋቋመ። ከሌላ ሐይቅ የመጡ አሥራ ሁለት አጥማጆች፣ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወሽመጡ ዳር ሰፈሩ። ይህንን የሰሙ ዕለት ጋሽ ዘሪሁን የዓመት ፈቃድ ሞልተው ሄዱ። ለሚስታቸው ለእትዬ ፋንታዬ ጠበል ልሄድ ነው ብለው ነበር። ምን እንደገጠማቸው ለማንም ሳይናገሩ ብዙ ቆዩ፤ ለእኔ የነገሩኝ በመጨረሻው ክረምት ነው።

የማኅበሩን ሊቀ መንበር መረብ ሲጠግን አገኙት። እዚህ ዓሣ የለም፣ የሚታየው ጋዝ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ቀያችሁ ተመለሱ አሉት። ሰውዬው በጨዋነት ሰማቸው። ከዚያ ጎጆው ገብቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ወጣ። እኔ የመታሁት ሪፖርት ነበር፤ ሦስተኛው ኮፒ፣ ካርቦኑ የደበዘዘው።

«የመንግሥት ወረቀት ነው፣ አባቴ። ማኅተም አለበት። ከፍተኛ የዓሣ ክምችት ይላል። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ፈራሚው ነኝ» አሉት፤ ከሥር ስማቸውን አሳዩት። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ስሙን አየ፣ ፊታቸውን አየ። ክፋት አልነበረበትም አሉኝ፣ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

«የተሳሳቱት ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

ጋሽ ዘሪሁን ይህንን ሲነግሩኝ ጠረጴዛዬን በጣታቸው አንድ ጊዜ መቱና ተዉት። ለመልሱ የሚሆን ወረቀት አልነበራቸውም። ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘው እሱ ነው፤ ማኅተም ያለበት ደግሞ የፊተኛው፣ የተሳሳተው ነው። የእሳቸው ደብዳቤ ቁጥር እንኳ አልነበረውም።

አጥማጆቹ አንድ ሙሉ ወቅት መረብ ጣሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ተበተኑ፤ ጀልባዎቹ ዛፍ ሥር ተገልብጠው ቀሩ። አቶ ምትኩ ያስመታኝ የዓመቱ ሪፖርት፣ የዓሣ ምርቱ ያነሰው በአጥማጆቹ የክህሎት ማነስ መሆኑን ይገልጽ ነበር። ይህንንም መታሁት። እንጀራዬ ነበር፣ ምክንያት አላበዛም። የዚያን ዕለት ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ሄጄ ጋሽ ዘሪሁንን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

በመጨረሻው ክረምት ነው እንግዲህ፣ ሳል ይዟቸው፣ በላስቲክ ኮት ተጠቅልለው ወደ ጠረጴዛዬ የመጡት። እኔ የተሳሳትኳትን ፊደል በፍሉይድ እየቀባሁ ነበር። ነጩ ቀለም እስኪደርቅ እፍ ስል ቆመው አዩኝ።

«ያንቺ ማሽን ከእኔ ማሽን ትሻላለች» አሉኝ። «ስትሳሳት የምትቀባው አለላት።»

ያን ቀን ነው የሊቀ መንበሩን ጥያቄ የነገሩኝ። ከዚያ አሉ፣ «ጽጌ፣ እኔ ስሞት ታሪኬን የምትመቺው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማን አለ? ዓሣውን እንዳታስገቢው። ካህናት ቆመው፣ አፈር ሊጫነኝ ሲል፣ ውሸት አይነበብብኝ። ያኔ እንኳ ተነስቼ ተሳስቻለሁ ማለት አልችልም።»

ሳቅኩ። የሚሞቱ አልመሰለኝም ነበር። «እሺ፣ ቃሌ ነው» አልኳቸው፤ ሰው ሳይሞት ቃል መግባት ቀላል ነው። ያረፉት ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሳይረግፍ ነው።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። አቶ ምትኩ ቆሞ እየነገረኝ መታሁ። ትውልድ፣ ትምህርት፣ ኦዴሳ፣ የሥራ ዘመን፣ ከዚያ ዓሣው። «ከፍተኛ የዓሣ ክምችት በማግኘት ለአገራቸው ባለውለታ» የሚል ነበር። ሁለት ገጽ ሆነ። አነበበው፣ ወደደው፣ ጥግ ላይ ፊርማውን አኖረበትና ጥቁር ክራቫት ሊፈልግ ወጣ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አቶ ምትኩ የሕይወት ታሪክ ማንበብ የሚወድ ሰው ነበር። ድምፁ ያምራል፤ ከመሥሪያ ቤታችን ሰው በሞተ ቁጥር ማይክሮፎኑ የእሱ ነው። ያጸደቀውን ወረቀትም ደግሞ አያይም።

ሁሉም ለምሳ ሲወጣ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ቁጥር ያልወጣለት ደብዳቤ ሁለተኛ ኮፒ እዚያ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ አልነካሁትም፤ ፊርማውም ያለው እሱ ላይ ነው። መጨረሻው መስመር «በሐይቁ ላይ ባካሄዱት ጥናትም» ብሎ ነው የሚያበቃው። ሁለተኛውን ገጽ አወጣሁና በቦታው ሌላ መታሁ። ስለቸኮልኩ ሦስት ቦታ ተሳሳትኩ፤ ፍሉይድ አልቀባሁም፣ እንዳለ ተውኩት። ከሥራ ብባረር ልጆቼን ምን እንደማበላ ሳላስብ ቀርቼ አይደለም። አስቤዋለሁ፤ ከዚያ ስቴፕለሩን አነሳሁ።

ገብርኤል ቅጥር ግቢ ውስጥ ሰው ብዙ ነበር። በርሜላቸውን ያስመረመሩ ጎረቤቶች ሁሉ መጥተዋል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ አንድ ትልቅ ሰውም ፊት ለፊት ቆመዋል። አቶ ምትኩ ማይክሮፎኑን ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ። አነበበ፤ በጣም አሳምሮ አነበበ። ኦዴሳ ላይ ደረሰ፣ ሐይቁ ላይ ደረሰ።

«በሐይቁ ላይ ባካሄዱት ጥናትም» አለና ገጹን ገለጠ፣ «ዓሣ አገኘሁ ብለው የጻፉት ስህተት መሆኑን በራሳቸው ጥረት ደርሰውበት፣ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል።»

እዚህ ላይ ቆመ። ዓይኑ ሕዝቡ ውስጥ እኔን ፈለገ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሟች ታሪክ ደግሞ መሐል ላይ አይቋረጥም፤ ቄሶቹ ቆመዋል፣ ሳጥኑ ቆሟል፣ ትልቁ ሰውዬ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። አንድ ሽማግሌ «ቀጥል እንጂ ልጄ» አሉት። አልቅሶ የተቋረጠ መስሏቸው ነው።

ቀጠለ።

«በሐይቁ ውስጥ ዓሣ ነው ብዬ የፈረምኩት ዓሣ አይደለም። ከመሬት ሥር የሚወጣ ጋዝ ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት አምኖ መረብ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ እባካችሁ ከመንገድ መልሱት።»

ያ የሚያምር ድምፅ መጨረሻው ላይ እጅግ ዝቅ አለ፤ ማይክሮፎኑ ባይኖር ኖሮ ከፊት ያሉትም ባልሰሙት። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ «ኑዛዜውን በአለቃው አፍ አስነበበ፤ ጎበዝ ሰው ነው» አሉ። እትዬ ፋንታዬ ነጠላቸውን ከዓይናቸው ገለጥ አድርገው አዩኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንገታቸውን ወደ ታች ሰበር አደረጉልኝ። ያ ብርድ ልብስ እስካሁን ላስቲኩ ሳይቀደድ ቁም ሣጥን ላይ እንዳለ የነገሩኝ በኋላ፣ ለቅሶው ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ምትኩ አስጠራኝ። ቦርሳዬን ይዤ ነው የገባሁት፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ ነበር። የተነበበው ወረቀትና ያ ያልመራው የጋሽ ዘሪሁን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

«ከበላይ የመጡት ሰውዬ» አለ ሳያየኝ፣ «ጨዋ ሰው ነበር አሉኝ። ከዚያ፣ ያ የተነበበው ደብዳቤ መዝገብ ላይ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«አለ አልኳቸው። በቀብር ላይ ምን እላለሁ?» ብዕሩን አነሳ። ደብዳቤው ጥግ ላይ «መዝገብ ቤት ይግባ» ብሎ መራው። «ሰውዬው ሊያዩት ሳይመጡ ፈጥነሽ ቁጥር አሰጪው። ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።» ሌላውን ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልተነጋገርንበትም።

መዝገብ ቤት ወሰድኩት። ወይዘሮ በለጡ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ የተመራበትን ፊርማ በጣታቸው አረጋገጡ። ዓሣ አልተገኘም የሚል ፋይል አሁንም አልነበራቸውም። ትንሽ አሰቡና የጋሽ ዘሪሁንን የግል ማህደር አወጡ፤ ደብዳቤውን ከሞት ማስረጃቸው ኋላ አስገቡት። የዓሣው ፋይል እንዳለ ቀረ፤ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም ዓሣ እንደሞላው ነው። ወይዘሮ በለጡ ግን መዝገባቸውን ከፍተው፣ ብዕራቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው፣ በዚያ ቀስ ያለ ቆንጆ እጃቸው ቁጥሩን ጻፉ። ማኅተሙን መቱበት።

በቀብሩ ላይ አላለቀስኩም ነበር። እዚያ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ካቢኔቱን ተደግፌ አለቀስኩ። ወይዘሮ በለጡ ደንግጠው ተነሱ።

«ምን ሆንሽ፣ ጽጌ?»

«ምንም» አልኳቸው፣ «ቁጥር ወጣለት።»